ጎልማሳ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም

ከማሻ እስከ መካነ ሰላም ባለው የወሎ ደጋ፣ ከሥራ በኋላ ደብተር የሚይዙ አዋቂዎችና የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚያስጠኗቸው ወጣቶች

ትምህርቱ የሚጀመረው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። የዘይት ጀሪካኖቹ ወደ ጥግ ይገፋሉ፤ ሚዛኑ ከባንኮኒው ይነሳና ደብተር ይዘረጋል። የመካነ ሰላም ማታ ብርዱ አይጣል ነው። ባለሱቋ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እስክሪብቶ ይዘው ተቀምጠዋል። አርባዎቹን ጀምረዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው አስጠኚ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚጠባበቅ የጎረቤት ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«ቂጣ በላሁ፤ በሻይ።»

«እስቲ ቂጣውን በእንግሊዝኛ ይንገሩኝ።»

ትንሽ አሰቡና «አይ… ቂጣ… ኢት» አሉ።

«ቃሎቹን አግኝተዋቸዋል። አሁን በአማርኛ ሲነግሩኝ ‹በላሁ›ን የት አስቀመጡት?»

«ከመጨረሻ።»

«እንግሊዝኛ እስከ መጨረሻ አይጠብቅም። ማን እንደሆነ ከተናገረ ወዲያው ምን እንዳደረገ ይናገራል።»

«አይ ኢት ቂጣ።»

«ጠዋት እኮ አልፏል፣ እትዬ።»

«አይ ኤይት ቂጣ!» አሉና ሳቁ።

ይህ ወጣት ምንም ሰንጠረዥ አላወጣም። የአስራ ሁለቱን ቴንስ ስም አልዘረዘረም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩት የኖሩትን አማርኛ ከፊታቸው አስቀምጦ፣ እንግሊዝኛው ከየት ላይ እንደሚለይ ማሳየት ነው። ጎልማሳ ጀማሪን ለማስጠናት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። በየከተማው የሚታየው ልማድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዋቂው ሰው ምንም እንደማያውቅ ተቆጥሮ ከፊደል ይጀመርለታል፤ ከዚያ ሽምደዳ፤ ከዚያ ተስፋ መቁረጥ።

## ማን ነው የሚማረው?

ባለሱቋ ለምን እንደሚማሩ ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ ልጃቸው ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ታሪኩም ጂኦግራፊውም በአንድ ክረምት ቋንቋ ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ታነብለት የነበረች እናት ያን ቀን ከመጽሐፉ ትለያለች። «ልጄ ሲያጠና አጠገቡ መቀመጥ እፈልጋለሁ። ባላስረዳው እንኳ ምን ላይ እንደደረሰ ልወቅ» ይላሉ።

ሌሎቹም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ድሮ ደንቆሮ ጫካ የምንለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ያሉበት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ መንገድ የሚያሳየው ያገሬው ሰው ነው። እንስሳውን ከነጠባዩ ያውቀዋል፤ የሚነግርበት ቋንቋ ነው ያጠረው። ከደሴ በመካነ ሰላም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉንደወይን የሚነዳ ሾፌር የመለዋወጫ ዕቃ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይፈልጋል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ የመድኃኒት ወረቀት፣ የቢሮ ሠራተኛ ቅጽ፣ ዘመዱ አሜሪካ ያለ ወጣት የቪዛ ቃለ መጠይቅ አለበት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት በከተማው በዝቷል፤ የአስጠኚው ቁጥር የጨመረውም በዚሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ቤት ለቤት ማስጠናት ለልጆችም ለአዋቂዎችም የቀረ በር ሆኗል።

አስጠኚዎቹ ከሚያስጠኗቸው ሰዎች በዕድሜ ያንሳሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ ሲሳሳት ይስቃል፤ ጋሼ ሲሳሳቱ ግን አገር ያየባቸው ይመስላቸዋል። አንዲት አስጠኚ እንዳለችው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሰዋስው ማስጠናት ሳይሆን ሰውየው አፉን ከፍቶ እንዲሳሳት ማደፋፈር ነው። እሷ ተማሪዎቿን «አንቱ» እያለች ነው የምታርመው፤ እነሱ «መምህር» ይሏታል።

## እንግሊዝኛ እንዴት እዚህ ደረሰ?

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት ቤተ መንግሥቱ ይበልጥ የተጠጋው ፈረንሳይኛን ነበር። እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. የነፃነት ድል በኋላ፣ እንግሊዞች በአገሪቱ ጉዳይ እጃቸውን ባስገቡበት ጊዜ ነው። ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ መጥተው ወደየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተበተኑ። በዚያ ዘመን ደሴ ወይዘሮ ስህን የተማሩ አዛውንት የሚናገሩት እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ይለያል፤ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሰው አፍ የለመዱት ነውና።

ደጋው ላይ የቀረው ገበሬ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልነበረም። እሱን ያገኘው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠረ፤ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እንግሊዝኛ ግን የዘመቻው ጉዳይ አልነበረም፤ አሁን ያለው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርትም ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን ከኑሮ ሙያ ጋር የሚያስተምር ነው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ የፕላዝማ ትምህርት መጣ። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው መምህር በቴሌቪዥን መስኮት በፍጥነት ይናገር ነበር፤ ተማሪው ያይ ነበር፤ ቆም ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ዛሬ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያሉ ብዙ ጎልማሶች እንግሊዝኛን የሚፈሩት ከዚያ ክፍል ጀምረው ነው።

## ሳያውቁት የሚያውቁት

አሁን ወደ ሰዋስው እንግባ። እዚህ ላይ ነገሩ ሀብታም ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ሁሉ ተማሪ የሚያስጨንቅ ነው የሚሉት አንድ ምዕራፍ አለ፤ «ፕረዘንት ፐርፌክት» ይሉታል። ብዙ አገር ያለ ተማሪ «አይ ኤይት» እና «አይ ሃቭ ኢተን» ያላቸውን ልዩነት ለመረዳት ይቸገራል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ልዩነቱን ከእናቱ ተምሮታል። እንግዳ ገብቶ ምሳ ሲቀርብለት «በላሁ» አይልም፤ «በልቻለሁ» ይላል። ምግቡ ያለፈ ቢሆንም ጥጋቡ አሁን አለ ማለቱ ነው። «መካነ ሰላም አሥር ዓመት ኖሬያለሁ» ሲልም እንዲሁ። «በልቼ ነበር» የሚለውን «አይ ሃድ ኢተን»፣ «እየበላሁ ነው» የሚለውን «አይ አም ኢቲንግ» ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። ሰንጠረዡ ተማሪው አፍ ውስጥ ነበር።

> ሰንጠረዡ ተማሪው አፍ ውስጥ ነበር።

ጥሩ አስጠኚ ታዲያ መንገዱ የሚለያይበትን ቦታም ያውቃል። በአማርኛ «ትናንት ሄጃለሁ» ቢባል ማንም አይቆጣም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ትናንት» ከተጠራ «ሃቭ» ይወጣል። እንዲሁም የእኛ «እሄዳለሁ» የየቀኑንም የነገውንም ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ ለየብቻ ያደርጋቸዋል፣ «አይ ጎ» እና «አይ ዊል ጎ»።

ባለሱቋ የተደናገጡት በሌላ ነገር ነው። አማርኛ አድራጊውን ግሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ «መጣሁ» ሲባል የመጣው ማን እንደሆነ ጥያቄ የለም። በእንግሊዝኛ ግን አድራጊው ለብቻው መቆም አለበት። «ዘነበ» ለማለት «ኢት ረይንድ» መባል እንዳለበት ሲሰሙ፣ «ይሄ ‹ኢት› ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስጠኚው የመለሰላቸው ግልጽ ነበር፦ ማንም አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የአድራጊው ወንበር ባዶ አያድርም፣ ሰው ከጠፋ «ኢት» ይቀመጥበታል። «ራበኝ» እና «አለኝ»ም ከዚሁ ይገባሉ። በእኛ ራብ ነው ሰውን የሚይዘው፤ በእነሱ ሰውየው ራሱ ይናገራል፣ «አይ አም ሀንግሪ»። «ስኳር አለኝ» ስንል የቀደመው ስኳሩ ነው፤ «አይ ሃቭ ሹገር» ሲባል የሚቀድመው ባለቤቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ይህ አረፍተ ነገር ከ«ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ይልቅ አንጀት ያርሳል።

በ«በ» የምንከፍተውን ሁሉ እንግሊዝኛ በየበሩ ይበትነዋል፤ በመኪና «ባይ»፣ በሌሊት «አት»፣ በደሴ «ኢን»። ይህን የሚያቃልል ዘዴ የለም፤ ከነቃሉ አብሮ መልመድ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ በልማድ ነው። የኛ ሦስት ሰዓት ጠዋት የእነሱ ዘጠኝ ነው፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን ከ«ፓሲቭ ቮይስ» በፊት ማወቅ አለበት።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደግሞ ያልጠበቅሁትን አነሡ። አዋቂ ተማሪዎቻቸውን የሚያሳፍራቸው «ዩ» ነው አሉ። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም፣ እናንተም በአንድ ቃል! አባቱን «አንቱ» ብሎ ያደገ ሰው የማያውቀውን ሽማግሌ «ዩ» ማለት ይከብደዋል። መልሳቸው አክብሮቱ የት እንደሄደ ማሳየት ነው፤ «ኩድ ዩ» እና «ፕሊስ» ውስጥ፣ «ሰር» እና «ማዳም» ውስጥ አለ። ለጎልማሳ ተማሪ «ጊቭ ሚ»ን ከማስተማር በፊት «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ»ን ማስተማር ያስፈልጋል ባይ ናቸው። እስማማለሁ።

## ቆይተው የሚገቡ

«ሺ ጎ» ያለ ተማሪ ሁሉ ወዲያው ይታረማል፣ «ጎዝ!» ተብሎ። በማግስቱም «ሺ ጎ» ይላል። በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቤይሊ፣ ማደንና ክራሸን የተባሉ ተመራማሪዎች ከተለያየ ቋንቋ የመጡ 73 አዋቂ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። የእንግሊዝኛን ትናንሽ የቃል ጭራዎች አዋቂዎቹ የሚይዙበት ቅደም ተከተል፣ የአፍ መፍቻቸው ቢለያይም፣ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። «ኢንግ» ቶሎ ይገባል፤ የ«ጎዝ» ጭራ ይዘገያል። ይህ ለአስጠኚ ትልቅ ዕረፍት ነው። በመጀመሪያው ወር በአንዲት ፊደል ምክንያት የሰውን አፍ መያዝ አያስፈልግም።

ከቁጥር በኋላ የሚመጣው ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ጊዜ ይወስዳል። እኛ «ሦስት እንቁላል» ብንል ሦስትነቱ ተነግሯልና ያልቃል፤ እንግሊዝኛ «ስሪ ኤግስ» ብሎ ይደግመዋል። ባለሱቋ ይህን የለመዱት በየቀኑ የሸጡትን በእንግሊዝኛ በመቁጠር ነው።

## ቅኔ ቤቱና ደረሳው

ወሎ ውስጥ ሰዋስው እንግዳ ነገር አይደለም። ጎልማሳ ሰው ባዕድ ቋንቋ ከሥሩ የሚማርበት ሥርዓት እዚህ ከኖረ ዘመን የለውም፤ እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ዞር ብለው ስለማያዩት ያሳዝነኛል።

የቅኔ ተማሪ ግስ ይቆጥራል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማህረከ፣ ሤሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፤ እነዚህ ስምንቱ አርእስት ናቸው፤ ሌላው ግስ የየራሱን አርእስት ተከትሎ ይረባል። የዋድላ ቅኔ ቤት ስሙ የታወቀው በዚህ ሙያ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ነው። ተማሪው ሰዋስውን እስኪጨርስ አይጠብቅም። ትንሽ ግስ እንደያዘ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ፣ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ያርማል። ነገ ሌላ ያመጣል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው።

በሌላው ወገን የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ደረሳው፣ ከሸህ ወደ ሸህ እየዞረ ነህውና ሶርፍ ይቀራል። አጅሩሚያን፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መባቻ የኖረው የሞሮኮው ኢብን አጅሩም የጻፈውን አጭር ሰዋስው፣ በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ አልፊያ ይሻገራል። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ፊዕሉ የቱ፣ ፋዒሉ ማን፣ መፍዑሉ ምን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል።

ከእነዚህ ቤቶች የወጣ ሰው እንግሊዝኛ ሊማር ሲቀመጥ ጀማሪ ነው ይባላል። ሆኖም ግሱ ከመጨረሻ የማይቆምበትን ቋንቋ አስቀድሞ ያውቃል። እኛ «ከደሴ የመጣው እንግዳ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ እንግዳውን አስቀድሞ «ዘ ጌስት ሁ ኬም ፍሮም ደሴ» ይላል። ይህ አገላለጥ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ተማሪ ግልብጥ ነው። ለቅኔ ተማሪ ግን «ብእሲ ዘመጽአ» እንደማለት ያለ ነው፤ ሰውየው ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል። ዓረብኛም እንዲሁ ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ አንድ አስጠኚ «ሰብጀክት፣ ቨርብ፣ ኦብጀክት እያልኩ ሳስረዳ ዝም ይሉኛል። ባለቤቱን፣ ማሰሪያ አንቀጹንና ተሳቢውን አውጡልኝ ስል ግን ከእኔ ቀድመው ያወጣሉ» ብሏል።

> ትንሽ ግስ እንደያዘ ሁለት ቤት ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል።

ከዓረብ አገር የተመለሱት ሴቶች ደግሞ መጽሐፍ ሳይዙ፣ ከሰው ቤት ጓዳ፣ ብዙ ጊዜም በመከራ የተማሩት ዓረብኛ አላቸው። ባለሱቋ ከእነሱ አንዷ ናቸው። «አና አሩሕ አስሱቅ» ያለ ሰው የ«አይ ጎ ቱ ዘ ማርኬት»ን ቅደም ተከተል በአፉ ለምዶታል። ያ ስም ፊት የሚቆም «አል» ደግሞ ለ«ዘ» በጣም የቀረበ ዘመድ ነው። አስጠኚያቸው ይህን ያወቀው ሲያስጠና ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ዘ» ሲጠፋባቸው «በዓረብኛ እንዴት ይሉት ነበር?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ስለ ዓረብ አገር ኑሯቸው ብዙ አያወሩም። ቋንቋው ግን ለአንድ ነገር ጠቅሟል።

## አማርኛ ይግባ ወይስ ይውጣ?

አንዳንድ አስጠኚዎች በክፍሉ ውስጥ አማርኛ መስማት አይፈልጉም። ጆሮ የሚሠለጥነው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲከበብ ነው ይላሉ። ከሰላም ጓድ መምህራን የተማሩት አዛውንትም እነሱን ይደግፋሉ። አንድ ነገር እውነት አላቸው፦ አስጠኚው ሰዓቱን ሁሉ በአማርኛ ስለ እንግሊዝኛ እያወራ ከጨረሰው ተማሪው ስለ ቋንቋው ሰማ እንጂ ቋንቋውን አልሰማም።

ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ የሚሰማበት ከተማ የለንም። በሳምንት ጥቂት ማታ ያለው፣ ሥራ ውሎ የደከመ ሰው በማያውቀው ቋንቋ ብቻ ቢጠመድ የሚማረው ራስ መነቅነቅን ነው። ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ አስረድቶ የቀረውን በእንግሊዝኛ ማናገር ይበልጣል። ያየኋቸው ጎበዞች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

## «ዕድሜዬ ሄዷል»

ይህን የማይል ጎልማሳ የለም። ሐሳቡ ከሳይንስም ድጋፍ አግኝቶ ነበር፤ ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ መጽሐፉ ቋንቋ የሚለመደው በልጅነት በሚዘጋ የጊዜ መስኮት ውስጥ ነው የሚል መላ ምት አቅርቦ ነበር። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ካትሪን ስኖውና ማሪያን ሁፍናኸል ሆለ ኔዘርላንድ ገብተው ደች የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወጣቶቹና አዋቂዎቹ ከትናንሽ ልጆች ቀደሙ። ሕፃናት በስተኋላ ይደርሳሉ፣ በድምፅ ለዛም ይበልጣሉ፤ የአዋቂው «እስኩል» እና «እስትሪት» ምናልባት አብሮት ይኖራል። ሰዋስውን ተረድቶ መጀመር ግን የአዋቂ ጉልበት ነው። ምክንያቱም አዋቂ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲነገረውም ያገናዝባል።

## የሌለው መጽሐፍ

ማታ ማታ የሚዘረጋው ደብተር ብቻ ነው። ለዚህ ተማሪ የተዘጋጀ መጽሐፍ የለም። የልጆቹ መማሪያ ስለ ኳስና ስለ ክፍል ጓደኛ ያወራል፤ አርባ ዓመት ለሞላው ሰው አይሆንም። መንገድ ዳር የሚሸጡት ቀጫጭን ራስ አስተማሪ መጻሕፍት የቃላት ዝርዝር ናቸው። የአምሳሉ አክሊሉ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ከተገኘ ሀብት ነው፤ ግን መዝገበ ቃላት ሰዋስው አያስጠናም። ስልክ ላይ ያሉት መተግበሪያዎች ተማሪያቸው ግሱን ከመጨረሻ እንደሚያስቀምጥ አያውቁም።

ስለዚህ አስጠኚዎቹ ራሳቸው ይጽፋሉ። በአንዱ ገጽ ግራ አማርኛው፣ ቀኝ እንግሊዝኛው፤ ምሳሌዎቹ ስለ እንቁላል፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ደሴ መንገድ፣ ስለ ታመመ ልጅ። ከታች ለተማሪው ሁለት መስመር ባዶ ይተዋል፤ ለነገ ራሱ ፈጥሮ የሚያመጣው። አንዱ አስጠኚ የጻፈውን ሌላዋ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትወስዳለች፤ የመለዋወጫ ስሞች ጨምራ ለሾፌሮቿ ታደርገዋለች። ዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ መምህራን አሉት፤ ወረዳው የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾች አሉት፤ ደብተሮቹን ሰብስቦ፣ አርሞ፣ አንድ መጽሐፍ አድርጎ ማተም የአንድ ክረምት ሥራ ነው። እስካሁን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ደብተሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።